ከምድጃ እስከ መሥሪያ ቤት፦ አካባቢን የሚጠብቁ የዕለት ተዕለት ምርጫዎች በደጎሎና በአጎራባች ደጋማ ወረዳዎች

የአካባቢ ጥበቃ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሱት የችግኝ ተከላ ዘመቻና የእርከን ሥራ ናቸው። የእነዚህ ተግባራት አስፈላጊነት አያጠያይቅም። ሆኖም በዘመቻ የተገኘው ውጤት ጸንቶ የሚቆየው በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ በየዕለቱ የሚደረገው ምርጫ ሲደግፈው ነው። እንጀራ በምን ይጋገራል? እበቱ ወዴት ይሄዳል? ከገበያ የተገዛው ዕቃ በምን ይያዛል? የመሥሪያ ቤቱ መብራት መቼ ይጠፋል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የአፈርን ለምነት፣ የቤተሰብን ጤናና የወር ወጪን በቀጥታ ይነካል።

ይህ መረጃ የተዘጋጀው በጃማ ወረዳ ዋና ከተማ በደጎሎ፣ በቦረና ወረዳ ዋና ከተማ በመካነ ሰላምና በአጎራባች የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋማ ወረዳዎች ለሚኖሩ ዜጎች ነው። ምርጫዎቹ የቀረቡት በአካባቢው ካላቸው ጠቀሜታ አንጻር በቅደም ተከተል ነው።

የአካባቢው ልዩ ሁኔታ

የደጎሎ አካባቢ ሰፊ ሜዳማ መሬት በአብዛኛው ዋልካ በሚባለው ጥቁር አፈር የተሸፈነ ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በአግባቡ ሲያዝ ግን ለስንዴ፣ ለጤፍና ለጥራጥሬ የሚስማማ ነው። በአንጻሩ የማገዶ ዛፍ በአካባቢው እጅግ አነስተኛ ነው። ስለሆነም አብዛኛው የገጠር ቤተሰብ፣ ከከተማ ነዋሪውም ብዙው፣ የሚያበስለው በኩበት፣ በጭራሮና በባሕር ዛፍ ቅጠል ነው።

ወደ ምዕራብ፣ ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ፣ በተለምዶ ደንቆሮ ጫካ የሚባለውን ደን ያቀፈው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። በፓርኩ ውስጥ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳና የምኒልክ ድኩላ ይኖራሉ፤ ከዛፎቹም አስታ፣ ኮሶና ጽድ ይገኙበታል። በዙሪያው ያለው ሕዝብ የማገዶ ፍላጎት በጨመረ ቁጥር በደኑ ላይ የሚደርሰው ጫና ይጨምራል።

ከእነዚህ ደጋማ ቦታዎች የሚታጠበው አፈር በጃማና በበሽሎ ወንዞች አማካይነት ወደ ዓባይ ይገባል። ዓባይ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ለተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ውሃ የሚያቀርብ ወንዝ ነው። ስለዚህ በደጎሎ ማሳ ላይ የሚቀር አፈር ለአርሶ አደሩ ምርት ነው፤ ከግድቡ በላይ ባለው ተፋሰስ ሁሉ ሲጠበቅም ወደ ግድቡ የሚገባውን ደለል ይቀንሳል።

ቀዳሚው ምርጫ፦ እበቱ ወደ ማሳ ወይስ ወደ እሳት?

በአካባቢው ከሚደረጉ የዕለት ተዕለት ምርጫዎች ሁሉ ከባዱ ውጤት ያለው ይህ ነው። እበት ደርቆ ኩበት ሆኖ ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጅንና አፈርን የሚያለሰልሰው ብስባሽ አብሮ ይጠፋል። በአመዱ ውስጥ የሚቀሩት እንደ ፎስፈረስና ፖታሲየም ያሉ ማዕድናት ናቸው። የጠፋውን ናይትሮጅን አርሶ አደሩ ማዳበሪያ በመግዛት ሊተካ ይችላል፤ የጠፋውን ብስባሽ ግን ከከረጢት የሚወጣ ማዳበሪያ አይተካውም። ዋልካ አፈር ውሃ እንዲያሰርግና በቀላሉ እንዲታረስ የሚረዳው ይህ ብስባሽ ነው።

ይህ ማለት ግን ኩበት ማንደድ በአንድ ጊዜ ይቁም ማለት አይደለም። ሌላ ማገዶ የሌለው ቤተሰብ ምግቡን ማብሰል ይኖርበታል። የሚመከረው መንገድ የሚነደውን መጠን ደረጃ በደረጃ መቀነስ ነው።

1. የክረምት እበት ለኮምፖስት ይዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናባማ ወቅት ኩበት በቀላሉ አይደርቅም። በዚህ ጊዜ የሚሰበሰበውን እበት ለኮምፖስት ማዋል የማገዶ ክምችቱን ብዙም አይጎዳም። ያለ ተጨማሪ ወጪ የሚጀመር በመሆኑ የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን ይገባል።

2. በበጋ የሚነደው በተሻሻለ ምድጃ ይንደድ። ከዚህ በታች እንደተብራራው፣ የተሻሻለ ምድጃ ለአንድ ጋገራ የሚያስፈልገውን ማገዶ በእጅጉ ይቀንሳል። የተረፈው እበት ወደ ማሳ ይመለሳል።

3. አመዱ አይጣል። ቀዝቅዞ በጓሮ አትክልት ላይ በስሱ ሊበተን ይችላል። ከትኩስ እበት ጋር በብዛት ማደባለቅ ግን አይመከርም፤ የእበቱ ናይትሮጅን ወደ አየር እንዲተን ያደርጋልና።

4. የማገዶ ዛፍ በታቀደ ቦታ ይተከል። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚደርስ ማገዶ ነው፤ ሆኖም ከምንጭ፣ ከወንዝ ዳርና ከእህል ማሳ ርቆ መተከል ይኖርበታል። በማሳ ድንበርና በእርከን ላይ እንደ ትሪሉሰርን ያሉ መኖም ማገዶም የሚሆኑ፣ አፈርንም የሚያለሙ ተክሎች ይመረጣሉ።

ምድጃ መምረጥ

በኢትዮጵያ ቤተሰቦች ለምግብ ማብሰያ ከሚውለው ኃይል ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው የእንጀራ ጋገራ ነው። ስለዚህ ቁጠባው መጀመር ያለበት ከምጣዱ ነው።

ምርጥ ምድጃ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቃቂ ተቀርጾ የሚሠራ ሲሆን፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚያቅፉ አራት ክፍሎችና ከኋላ ድስት የሚቀመጥባቸው ሁለት ክፍሎች አሉት። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ከምጣዱ አልፎ የሚወጣው ሙቀት ውሃ ለማሞቅ ወይም ወጥ ለማብሰል ያገለግላል። ሲገዛ ክፍሎቹ ያለ ክፍተት መግጠማቸውንና ምጣዱ በልኩ መቀመጡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ክፍተት ካለ በጭቃ ይመረጋል፤ አለዚያ የሚጠበቀው ቁጠባ አይገኝም።

ላቀች ምድጃ። ለከሰል የሚያገለግል፣ ውስጡ ሸክላ ውጭው ቆርቆሮ የሆነ ምድጃ ነው። ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ይልቅ ሙቀት ስለሚይዝ ለቡናና ለወጥ የሚፈልገው ከሰል አነስተኛ ነው።

በማንኛውም ምድጃ ማገዶ የሚቆጥቡ ልማዶች። ባቄላ፣ ሽንብራና ሌላው ጥራጥሬ ከመቀቀሉ በፊት አዳሩን ውሃ ውስጥ ይዘፍዘፍ። ድስት ይከደን። ማገዶው በደንብ የደረቀና የተፈለጠ ይሁን። ጋገራ በሳምንቱ ውስጥ ከመበታተን ይልቅ በአንድ ቀን ይጠቃለል፤ ጎረቤታሞች ተከታትለው ቢጋግሩ ምጣዱን ከቅዝቃዜው ለማሞቅ የሚባክነው ማገዶ ይቀንሳል።

ስለ ጤና ማስጠንቀቂያ። ከማገዶ የሚወጣ ጭስ የሕፃናትን የሳንባ ምች፣ የአዋቂዎችን ሥር የሰደደ የመተንፈሻ አካል ሕመምና የልብ ሕመም ከሚያባብሱ ምክንያቶች አንዱ ነው። በይበልጥ የሚጎዱት ጋጋሪዋ እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ናቸው። ማእድ ቤቱ ከመኝታ ቤት የተለየ፣ መስኮት ወይም የጭስ መውጫ ያለው ሊሆን ይገባል። በደጋው ብርድ ምክንያት የተቀጣጠለ ከሰል ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ለሞት ይዳርጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

ኤሌክትሪክ ባለበት ቤት

በኢትዮጵያ ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ ኃይል ነው። በመሆኑም መስመር በገባበት ቤት በኤሌክትሪክ መጋገር ጭስን ያስቀራል፣ እበትንም ለማሳ ያተርፋል። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚደርስ ኃይል ስለሚጠቀም የሚከተሉትን ጥንቃቄዎች ይጠይቃል።

ሊጡ ሳይዘጋጅ ምጣዱ አይለኮስ። ጋገራው የኃይል ፍላጎት ከሚበዛበት ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ባይሆን ይመረጣል። የመጨረሻው እንጀራ ከመሰፋቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ምጣዱ ቢጠፋ በሸክላው ውስጥ የቀረው ሙቀት ይበቃል። የመስመር ዝርጋታው ለምጣድ በሚመጥን ሽቦ በባለሙያ መከናወን አለበት፤ የሳሳ ሽቦ ኃይል ከማባከኑም በላይ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል።

ለመብራት ደግሞ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል የቀድሞውን ባለ 60 ዋት አምፖል ያህል ብርሃን ይሰጣል። በቀን 5 ሰዓት የሚበራ ባለ 60 ዋት አምፖል በ30 ቀን 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲፈጅ፣ ባለ 9 ዋቱ የሚፈጀው 1.35 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሚያድግ በመሆኑ ቁጠባው በወር ክፍያ ላይ በግልጽ ይታያል።

መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ የፀሐይ ኃይል መብራት ከኩራዝ የተሻለ ምርጫ ነው። አገልግሎታቸው ያበቃ ባትሪዎች ግን ወደ ማሳ፣ ወደ ውሃ ወይም ወደ እሳት መጣል የለባቸውም። አስተማማኝ መረከቢያ እስኪገኝ ድረስ ሕፃናት በማይደርሱበት ደረቅ ቦታ ተለይተው ይቀመጡ።

ባዮጋዝ

ቢያንስ አራት ከብት ያለው፣ በአቅራቢያውም በቂ ውሃ የሚያገኝ ቤተሰብ የባዮጋዝ ማብላያ ሊያስገነባ ይችላል። የብሔራዊ ባዮጋዝ ፕሮግራም ሲጀመር ከታቀፉት አራት ክልሎች አንዱ የአማራ ክልል ነው። የባዮጋዝ ዋና ጥቅም በእሳትና በማሳ መካከል ያለውን ሽሚያ ማስታረቁ ነው፤ ያው እበት በመጀመሪያ ጋዝ ይሰጣል፣ ቀጥሎም ተረፈ ምርቱ ናይትሮጅኑን እንደያዘ ለማዳበሪያነት ይውላል። ሆኖም ቅዝቃዜ የጋዝ ምርትን ይቀንሳል። ስለዚህ በደጋ አካባቢ ማብላያው ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ መሠራት አለበት፤ ቤተሰቡም በየቀኑ እበትና ውሃ በእኩል መጠን የሚያቀርብ የሰው ኃይል እንዳለው አስቀድሞ ማመዛዘን ይኖርበታል።

ኮምፖስት አዘገጃጀት

ለጓሮ አትክልት የሚበቃ ኮምፖስት ማንኛውም ቤተሰብ ሊያዘጋጅ ይችላል። በመስከረምና በጥቅምት፣ አረንጓዴ ቅጠልና እርጥበት ሳይጠፋ፣ በጥላ ሥር ጉድጓድ ይቆፈራል። ከታች ጭራሮና አገዳ፣ ቀጥሎ ገለባና ደረቅ ሣር፣ ቀጥሎ አረንጓዴ አረምና የወጥ ቤት ተረፈ ምርት፣ ከዚያም እበትና ጥቂት ለም አፈር በየተራ ይነጠፋል። እያንዳንዱ ንጣፍ ውሃ ይርከፈከፍበታል። ጉድጓዱ ሲሞላ በአፈርና በሣር ይከደናል፤ በየወሩም ይገላበጣል። አንድ እፍኝ ተጨብጦ ሲጨመቅ የሚረጥብ ሆኖ ውሃ የማይንጠባጠብ ከሆነ እርጥበቱ ተስማሚ ነው። ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ጠቁሮና ተፈርፍሮ፣ የአፈር ሽታ ሲኖረው ደርሷል ማለት ነው። ፕላስቲክ፣ ብርጭቆ፣ ባትሪና የመድኃኒት ዕቃ በፍጹም አይጨመሩበትም።

ፌስታልና ሌሎች የፕላስቲክ ዕቃዎች

በማሳ ላይ የተጣለ ፌስታል ለብዙ ዓመታት አይበሰብስም፤ የውሃ መውረጃ ቦይ ይደፍናል፣ አፈር ውሃ እንዳያሰርግ ያግዳል። ከሁሉ የከፋው ከብቶች ከምግብ ፍርፋሪ ጋር ሲውጡት በሆዳቸው ተጠራቅሞ ለሞት የሚያበቃቸው መሆኑ ነው። አንድ በሬ ያጣ ቤተሰብ የእርሻ ወቅቱን ጭምር ያጣል።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 በተፈጥሮ የማይበሰብሱና ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ ፌስታሎች እንዳይመረቱና እንዳይገቡ ገድቦ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ክልከላውን በማስፋት የፌስታል ምርትን፣ ሽያጭንና አጠቃቀምን ይከለክላል። ስለዚህ ነጋዴውም ሸማቹም አስቀድመው መዘጋጀት ይጠበቅባቸዋል።

መተኪያው ከአካባቢው ባህል ውጭ አይደለም። ለገበያ ዘንቢልና ቅርጫት፣ ለእህል ስልቻና አቁማዳ፣ ለቅመማ ቅመም ብልቃጥ ከጥንት ጀምሮ ያገለገሉ ናቸው። ለሠርግ፣ ለዝክርና ለለቅሶ የእድር ሳህንና ብርጭቆ መጠቀም በአንድ ቀን የሚጣል በርካታ ፕላስቲክ ያስቀራል። በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለው የውሃ ፕላስቲክ ታጥቦ ለዘይት ወይም ለጋዝ መያዣነት ሊያገለግል ይችላል፤ ጋዝ የተያዘበት ግን ለምግብና ለመጠጥ ዳግመኛ እንዳይውል ምልክት ይደረግበት። ፕላስቲክን በምድጃ ማቃጠል መርዛማ ጭስ ስለሚያወጣ መወገድ አለበት።

ውሃ

በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሆናል ተብሎ ሲሰላ፣ በቀን ከ4 ሊትር በላይ ያባክናል። ይህም በወር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስድስት ጊዜ ከመሙላት ይበልጣል። የቧንቧ ጎሚኒ በወቅቱ መቀየር ከጥገና ሁሉ ቀላሉ ነው። የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት በአሸንዳ የክረምት ውሃ አጠራቅሞ ለልብስ፣ ለከብትና ለችግኝ ማዋል ይችላል። የአትክልት እጥበት ውሃም ለጓሮ ይውላል።

በመሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤትና በጤና ተቋም

የመንግሥት ተቋም የሚጠቀመው ሀብት የሕዝብ ነው። በመሆኑም በቤት የሚደረገው ቁጠባ በመሥሪያ ቤት ሊላላ አይገባም።

ወረቀት። ሰነድ በሁለቱም ገጽ ይታተም። ረቂቅ በኮምፒውተር ላይ ታርሞ ያለቀለት ብቻ ይታተም። በአንድ ገጽ የታተመና ምስጢርነት የሌለው ወረቀት ጀርባው ለማስታወሻ ይዋል። አንድ ደስታ 500 ቅጠል ወረቀት በሁለቱም ገጽ ሲታተም 1,000 ገጽ ይይዛል።

መብራትና ኮምፒውተር። ከመሥሪያ ቤት የመጨረሻው ወጪ መብራት፣ ኮምፒውተርና ማተሚያ መጥፋታቸውን የሚያረጋግጥበት ተራ ይውጣ። በምሳ ሰዓት ስክሪን ይጥፋ። ጠረጴዛዎች በመስኮት አጠገብ ሲደረደሩ በቀን መብራት የማብራት አስፈላጊነት ይቀንሳል።

ስብሰባ። በፕላስቲክ የታሸገ ውሃ ከማደል ይልቅ የተጣራ ወይም የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያና በብርጭቆ ይቅረብ። የሻይ ቡና አቅርቦት የሚታጠብ ስኒና ሳህን የሚጠቀም ይሁን።

ጉዞ። ወደ አንድ ቀበሌ የሚሄዱ የተለያዩ ጽሕፈት ቤቶች ባለሙያዎች የመስክ መርሐ ግብራቸውን አስማምተው በአንድ ተሽከርካሪ ይጓዙ።

ቅጥር ግቢ። የሚተከሉ ዛፎች እንደ ወይራ፣ ጽድና ኮሶ ያሉ አገር በቀል ቢሆኑ ይመረጣል። የግቢ ሣርና ቅጠል አይቃጠል፤ ለኮምፖስት ይዋል። ትምህርት ቤቶች የኮምፖስት ጉድጓዳቸውን ለተማሪዎች ማስተማሪያነት ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ያገለገሉ ዕቃዎች። የተበላሸ ኮምፒውተር፣ የማተሚያ ቀለም ዕቃና ባትሪ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይደባለቅም፤ በንብረት ክፍል ተመዝግቦ ተለይቶ ይቀመጣል። የጤና ተቋማት ቆሻሻ የራሱ የአወጋገድ ሥርዓት ያለው በመሆኑ በማንኛውም ሁኔታ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር አይቀላቀልም።

ተገልጋዩ ሊያደርግ የሚችለው

ተገልጋዮች ወደ ጽሕፈት ቤት ከመሄዳቸው በፊት የሚያስፈልገውን ማስረጃ በስልክ ወይም በቀበሌ በኩል ቢያጣሩ አላስፈላጊ ጉዞና ፎቶ ኮፒ ይቀራል። እንደ ኤሌክትሪክ ያለውን ክፍያ በቴሌብርና በባንኮች የሞባይል አገልግሎት መፈጸም ወረቀትም ጊዜም ይቆጥባል።

በወቅት የተከፋፈለ የተግባር ማስታወሻ

ከመስከረም እስከ ኅዳር፦ የኮምፖስት ጉድጓድ ማዘጋጀት፤ የማሳ ድንበር አረምና ቅጠል መሰብሰብ።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፦ የተሻሻለ ምድጃ መግዛትና መግጠም፤ በተፋሰስ ልማት ሥራ መሳተፍ፤ የችግኝ ጉድጓድ ማዘጋጀት መጀመር።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት፦ የደረሰ ኮምፖስት ወደ ማሳ ማጓጓዝ፤ አሸንዳና የውሃ ማጠራቀሚያ መጠገን።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ፦ ችግኝ መትከል፤ የክረምት እበት ለኮምፖስት ማጠራቀም። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር የተተከሉ ችግኞችን መኮትኮትና ከልቅ ግጦሽ መጠበቅ ከመትከል የማይተናነስ ተግባር ነው።

በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎች

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመፈጸም አቅም የሌለው ቤተሰብ ከየት ይጀምር? ገንዘብ ከማይጠይቁት ይጀምር፤ የክረምት እበትን ለኮምፖስት ማዋል፣ ጥራጥሬን መዘፍዘፍ፣ ድስትን መክደንና ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣት ምንም ወጪ የላቸውም። ቀጥሎ ከሚገዙት ዕቃዎች ሁሉ ቅድሚያ የሚሰጠው የእንጀራ ምድጃ ነው።

የተሻሻለው ምድጃ ቁጠባ እንዴት ይታወቃል? ምድጃው ከመገዛቱ በፊት በነበሩት ሁለት ጋገራዎች ያለቀው ኩበት ይቆጠር። ከተገጠመ በኋላ ለዚያው ያህል እንጀራ የፈጀው ይቆጠርና ይነጻጸር። ልዩነቱ አነስተኛ ከሆነ በምድጃው ክፍሎች መካከል ክፍተት መኖሩ ይመርመር።

ኩበት ሸጦ የሚተዳደር ሰውስ? ለብዙ ሴቶች የኩበት ሽያጭ የዕለት ገቢ ነው። ስለዚህ ለውጡ ገቢያቸውን በሚተካ መንገድ መካሄድ ይኖርበታል። የምድጃ ማምረት፣ የኮምፖስት ዝግጅትና የችግኝ ማፍላት ሥራዎች በማኅበር ተደራጅተው ሊሠሩ ከሚችሉት መካከል ናቸው።

መብት፣ ግዴታና የአገልግሎት መገኛ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የመጠበቅ ግዴታ የመንግሥትም የዜጎችም መሆኑን ያመለክታል።

ስለ ኮምፖስት፣ ስለ ችግኝና ስለ መኖ ተክሎች በቀበሌው የግብርና ልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ስለ ጭስና ስለ ማእድ ቤት አሠራር በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ስለ ምድጃና ስለ ባዮጋዝ በወረዳው የኢነርጂ ዘርፍ ባለሙያ፣ ስለ ደረቅ ቆሻሻ አወጋገድ በከተማው ማዘጋጃ ቤት በኩል ማብራሪያ ማግኘት ይቻላል። ባለሙያ ዘንድ ሲቀርቡ የቤተሰቡን ብዛት፣ የከብቱን ቁጥር፣ የውሃውን ርቀትና አሁን የሚጠቀሙበትን ማገዶ አስቀድሞ ለይቶ መሄድ ለቤተሰቡ የሚስማማውን አማራጭ ለመምረጥ ያግዛል።